ማሰሪያ ያስፈቱን የነበሩት ጋሽ ሞላ

አንባቢ ሆይ፣ እጅዎ ከልብዎ ቀድሞ ተነሥቶ ያውቃል? ከሰነዘሩ በኋላስ «ምነው ይህ እጄ በተቆረጠ» ብለው ያውቃሉ? እኛን ከዚህ ጸጸት ለማዳን ዕድሜያቸውን የሰጡት የስፖርት መምህራችን ጋሽ ሞላ፣ የገና በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። የተቀበሩት እዚሁ ላሊበላ፣ በደብራቸው ነው። እኔ ተማሪያቸው ነበርኩ፤ ዛሬ በእሳቸው ቦታ አስተምራለሁ።

ዘዴያቸውን ላስረዳ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? ጋሽ ሞላ ይህን አባባል ለእግር ኳስ አዋሉት። ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ሁለት እያደረጉ ፊት ለፊት ያቆሙንና ያሰዳድቡን ነበር።

«አንተ የብልባላ አህያ፣ ኳሷ ጭነት መሰለችህ?»

«አህያስ መንገዱን ያውቃል፤ አንተ ጎሉ የት እንዳለ ጠፍቶህ አይደል?»

ደሙ የፈላበት ተንበርክኮ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፤ ከዚያ መልሶ ያስራል። ቁጣው የሚበርደው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው። ኮንጎ ጫማ ማሰሪያ ስለሌለው፣ ኮንጎ ለምናደርገው ሲባጎ እየቆረጡ ቁርጭምጭሚታችን ላይ ያስሩልን ነበር። «ኮንጎ ያደረገ አይናደድም ያለው ማን ነው?» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ተናድጄ ጓደኛዬን ልመታ የወረወርኩት ድንጋይ እሳቸውን ግንባራቸው ላይ ፈነከታቸው። ደሙ እየወረደ ተንበረከኩ። የቀኙን ፈቱ፣ አሰሩ፤ የግራውንም እንዲሁ። ከዚያ ቀና ብለው «በል አሁን እንነጋገር። ማን አናደደህ?» አሉኝ።

ሕመሙ ሲጸናባቸው አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው «አዲሱን አደራ፤ እጁ ፈጣን ነው» አሉኝ። አዲሱ ሁለት ዓመት የለፉበት አጥቂያችን ነው።

ከቀብራቸው በኋላ በነበረው ሳምንት ከኩልመስክ ልጆች ጋር ተጫወትን። አንዱ ተከላካይ አዲሱን «አሠልጣኝህ ከመቃብር ያቀብልህ እንጂ!» አለው። አዲሱ ተንበረከከ። ማሰሪያውን ፈታ። እኔም ሜዳው ዳር ቆሜ «ተመስገን» አልኩ። ወዲያው ጫማውን አውልቆ የልጁን አፍ መታበት። ሮጬ ገባሁና ሰው ሁሉ እያየ አዲሱን በጥፊ አጮልኩት። እኔ ማሰሪያዬን አልነካሁም።

አዲሱ ያን ቀን እንደወጣ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ብልባላ ቤታቸው ድረስ ብሄድ እናቱ በር ላይ ቆመው «ጋሽ ሞላ ቢሆኑ አይመቱትም ነበር። የት እንደሄደም አላውቅ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሐሙሱ ልምምድም ቀርቷል፤ ተሰዳደቡ ስላቸው ልጆቹ እጄን እጄን እያዩ ወደ ኋላ ይላሉ።

ጋሼ፣ ደህና ይሁኑ። አደራዎን በላሁ። ይቅርታ የምለምነው እርስዎን ብቻ አይደለም፤ ያኛው ደግሞ የት እንዳለ አይታወቅም። ማንም በማያናድድዎት ቦታ ያሳርፍዎ።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ ግን ይሞክሩት። እጅዎ ሊነሣ ሲል ጎንበስ ብለው ማሰሪያዎን ይፍቱ። መፍታት ብቻውን አይበቃም፤ አዲሱም ፈትቶ ነበር። መልሰው እስኪያስሩት ይቆዩ።