አባቴ ያልተነሳበት ቀን

የእኔ ፊት የክፉ ሰው ፊት ነው። ይህን የነገሩኝ ዳይሬክተሮች ናቸው፤ እኔም አልተከራከርኩም። መድረክ ላይ ሌባ፣ ፊልም ውስጥ ጉቦ ተቀባይ፣ በቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ የሰው መሬት የሚሸጥ ደላላ ሆኜ ኖሬያለሁ። ዋናውን ተዋናይ ሁሉም በስሙ ይጠራዋል፤ እኔን ግን ታክሲ ውስጥ “ያ ሌባው!” እያሉ ይጠቋቆሙብኛል። ደስ ይለኛል። ቦርሳቸውን ጠበቅ ሲያደርጉ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ቡታጅራ በርበሬ የሚነግደውን አባቴን ግን ደስ ብሎት አያውቅም። የገበያ ጓደኞቹ ጠዋት ጠዋት “ልጅህ ትናንት ደግሞ ታሰረ” እያሉ ይቀልዱበታል። አርብ ከጁምዓ መልስ ስደውልለት ሰላምታውን ሳንጨርስ ያቺን ጥያቄ ያስከትላል።

“ሥራ አገኘህ?”

“አባ፣ እየሠራሁ ነው እኮ!”

“እሱንማ ነግረውኛል። እኔ ሥራ ነው ያልኩህ።”

አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ጠየቀኝ። ስቄ ባልፈውም ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን ብቻ የምሠራውን ሥራ ብሎ ቢጠራልኝ ሌላ ሽልማት አልፈልግም ነበር።

አምና የድራማችን ቀረጻ እዚያው ቡታጅራ አጠገብ፣ መስቃን ውስጥ ይሆናል ሲባል ከወንበሬ ዘለልኩ። ያደግኩበት አፈር ላይ ልተውን ነው! ትዕይንቱም የዋዛ አልነበረም። የወንድሙን መሬት በሐሰት ወረቀት የሸጠው ደላላ፣ ማለትም እኔ፣ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ሽማግሌዎች ፊት እወድቃለሁ። እነሱ ፊታቸውን ያዞሩብኛል፤ እኔ አለቅሳለሁ። ያ ክፉ ሰውዬ ልብ እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ሳምንት መስታወት ፊት ሳለቅስ ሰነበትኩ።

ዳይሬክተሩ “እውነተኛ ሽማግሌዎች ነው የምፈልገው” ብሎ ከአካባቢው ሰባት አባቶች አስመጣ። ዛፍ ስር ተደርድረው ሲቀመጡ ዳር ላይ ያለችውን ነጭ ኮፍያ አወቅኋት። አባቴ! ጎረቤቶቹ ጎትተው አምጥተውታል።

“አባቶች፣ እሱ ሲወድቅ አትነሱ። ዝም ብላችሁ ፊታችሁን አዙሩ” አላቸው ዳይሬክተሩ።

“እሺ ልጄ” አሉ።

ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ድንጋዬን ተሸክሜ መጣሁ። ጉልበቴ ገና መሬት ከመንካቱ ሰባቱም ብድግ! ቀድሞ የተነሳው አባቴ ነበር።

“ኧረ አንሱት! አንሱት! ይቅር ብለናል!”

አንዱ ድንጋዩን አወረደልኝ፤ ሌላው አቧራዬን አራገፈልኝ። ደገምነው፤ ያው ሆነ። ሠለስነው፤ አሁንም ያው። ዳይሬክተሩ ሊያብድ ደረሰ።

“አባቶች፣ ውሸት እኮ ነው!”

“ውሸት መሆኑንማ እናውቃለን” አሉ በዕድሜ የሚበልጡት። “ድንጋዩ ግን እውነት ነው። ድንጋይ ተሸክሞ የወደቀ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ መቅረት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እግራችን እሺ አይለንም።”

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ዳይሬክተሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “አንዴ ደግመን እንሞክርና ካልሆነ ትዕይንቱን ከድራማው አወጣዋለሁ” አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን በማን ላይ ልናደድ? ይቅር ባሉኝ ሰዎች ላይ?

ድንጋዩን እንደገና ተሸክሜ ቦታዬን ስይዝ አባቴ ከዘራውን ከፍ አደረገ።

“ስሙኝማ” አለ ለጓደኞቹ። “ልጄ ሥራ ላይ ነው። ሥራውን አናበላሽበት። ቁጭ በሉ።”

ድንጋዩ ሊያመልጠኝ ነበር። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ፤ እየሮጥኩ ሄጄ ላቅፈው ፈለግሁ። ግን ካሜራው ጀምሯል። ሄድኩ፤ ወደቅኩ። ማንም አልተነሳም። አባቴ ፊቱን አዙሯል፤ እንዳይነሳ ግን ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተጭኖታል። መስታወት ፊት የተለማመድኩት ልቅሶ ሁሉ ጠፋብኝና ሌላ መጣ፤ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

“ካት! ምን ዓይነት ትወና ነው!” እያለ ዳይሬክተሩ ጨፈረ። የምን ትወና!

አባቴ የዳይሬክተሩ ቃል እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም። ከሁሉም ቀድሞ ደረሰና ድንጋዩን በሁለት እጁ ከጫንቃዬ ላይ አነሳልኝ።

“ይከብዳል እኮ” አለኝ። ቀጥሎም ኮፍያውን እያስተካከለ፣ “ነገስ ስንት ሰዓት ነው ሥራ የምትገባው?”

“አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ አባ።”