ሞያሌ ላይ የመለሱኝ ሰው

በደርግ ጊዜ የያዙኝ ፎንቆ ገበያ ላይ ነው፤ የጨርቅ ጣቃዬን ገና ሳልፈታ። ሆሳዕና አምጥተው የዶሉኝ ክፍል ስፋቱ ሱቄን ያህላል፤ ሱቄ ግን ሠላሳ ሰው በአንዴ ገብቶለት አያውቅም። ላብና እርጥብ ጆንያ ይሸታል።

ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡትን ሰው ሳይ ክሴን ረሳሁት። ሞያሌ ኬላ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ነበሩ። ከዓመት በፊት ወረቀቴን ሁሉ አሟልቼ ለንግድ ወደ ኬንያ ልሻገር ስል፣ «ፎቶህ ላይ ቆብ አድርገሃል፤ ጆሮህ አይታይም» ብለው የመለሱኝ እሳቸው ናቸው። እስከ ሆሳዕና ድረስ ስረግማቸው ነው የመጣሁት።

«ጋሼ፣ እዚህም ጆሮ ያያሉ?» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ያንተን ገና አሁን አየሁት። ያን ያህል የሚደበቅ አልነበረም።»

ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ሳህን በላን።

የኔ ክስ ኬንያ ተሻግሮ ለፀረ አብዮተኞች ደብዳቤ ማድረስ ነው። የእሳቸው፣ እንደኔ ያለውን ማሻገር። ለእረፍት ቤተሰባቸው ጋ ሆሳዕና እንደመጡ ነው የተያዙት።

አንድ ጠዋት ሁለታችንንም ጠሩን። መርማሪው ወረቀት ገፋ አደረገላቸው።

«ይሄን ሰውዬ አሻግሬዋለሁ ብለህ ፈርም፤ ነገ ቤትህ ትገባለህ።»

ከፈረሙ እኔ አለቀልኝ። ኬላው መስኮታቸው ላይ የቆምኩ ይመስል ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«መልሼዋለሁ» አሉ። «ፎቶው አላሟላም። መዝገቡ ሞያሌ አለ፣ ያስመጡት።»

«መዝገብ አልጠየቅኩህም።»

«ያልወጣን ሰው ወጣ ብዬ አልፈርምም።»

እኔ በእግሬ ተመለስኩ። እሳቸውን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰው ደግፎ አስገባቸው፤ ውስጥ እግራቸው አብጧል።

መስኮቱ ሥር ያለችው አየር የምታገኝ ቦታ በተራ ነበር የሚተኛባት። ያን ቀን ተራው የኔ ነው። «ጋሼ፣ እዚያ ጋ ይረፉ» ብላቸው እምቢ አሉ።

«ሰልፍ አላፈርስም። ከፊቴ ስድስት ሰው አለ።»

ሰው እግሩ እንዲያ ሆኖ ስለ ሰልፍ ይከራከራል። ስድስታችንም ተራ በተራ ለቀቅንላቸው። እያንዳንዳችንን «ፈቅደህ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ከዚያ በኋላ ነው በቂጣቸው እየተሳቡ የሄዱት።

መዝገቡ ኋላ ከሞያሌ መጣ፤ እኔ ተፈታሁ። እሳቸው ግን አልፈርምም በማለታቸው ከኔ ዓመት ዘግይተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ኬንያ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ኬላው ላይ ስደርስ፣ ወረቀቴን ከማውጣቴ በፊት ሠራተኛውን እጅ ነስቼ ቤተሰቡን እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ጉቦ ልሰጠው ይመስለውና ግራ ቀኝ ያያል። ሰላምታ ብቻ ነው።