በላቪንግተኑ ራውተር ላይ የጎደለችው መስመር

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ያለው ቢሮ የገባሁ ቀን አለቃዬ ዋንጂሩ የኮንሶል ኬብል እጄ ላይ አስቀመጠችና «ይቺን እንደ መታወቂያህ ያዛት» አለችኝ። ኬብሏ ላፕቶፕን በቀጥታ ከራውተር ጋር ታገናኛለች፤ ኔትወርኩ ቢቋረጥም እሷ ትሠራለች። ሥራችን ለደንበኞች ኢንተርኔት ማከፋፈል ነበር። የተቀጠርኩት ለሦስት ወር ሙከራ ነው።

ቢጂፒን የተማርኩት ከዋንጂሩ ነው። ዛሬ ለተማሪዎቼ እንዲህ እላለሁ፦ የተለያዩ ድርጅቶች ራውተሮች «ወደዚህ አድራሻ በእኔ በኩል ይኬዳል» እየተባባሉ መንገድ የሚለዋወጡበት ደንብ ነው። የሚነጋገሩት ራውተሮች ጎረቤት ይባላሉ። ጎረቤት የሚለው ሁሉ አይታመንም፤ ስለዚህ የትኛውን መንገድ እንደምንቀበል የሚወስን ማጣሪያ እንጽፋለን።

ዋንጂሩ የማትለቀው ልማድ ነበራት። ሩቅ ያለ ራውተር ከመንካታችን በፊት፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሳ እናዘዋለን። ተሳስተን ከራውተሩ ብንቆረጥ፣ ሲነሳ ሴቭ የተደረገውን የቀድሞ ቅንብር ያነባል። ካልተሳሳትን ትዕዛዙን እንሰርዛለን።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ላቪንግተን በሚባለው ሰፈር ላለው ጣቢያችን ራውተር ማጣሪያ እንድጽፍ ሰጠችኝ። የአሥር ደቂቃውን ትዕዛዝ ሰጠሁ። የማንፈልጋቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ከለከልኩ። ሥርዓት እወዳለሁና ወዲያው ሴቭ አደረግሁ። ከዚያ ማጣሪያው እንዲሠራ የጎረቤቱን ግንኙነት እንደገና አስጀመርኩ። ስክሪኑ ቀጥ አለ።

«ፖሌ፣ አይዞህ» አለች ዋንጂሩ እየሳቀች። «አሥር ደቂቃ ነው፣ እንጠብቃለን።» ከዚያ ፊቴን አየችው። «ዳዊት፣ ሴቭ አድርገሃል እንዴ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«እንግዲያው ስህተትህን ይዞ ነው የሚነሳው። ኬብልህን ያዝና ሂድ።»

ስልኬ ጮኸ። ጣቢያችን ካለበት ሕንፃ ሥር ሳይበር ካፌ ያላቸው ወይዘሮ ጽጌ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ምን አረጋችሁን? የልጄ የሩት የስኮላርሺፕ ፎርም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል እኮ!»

«መጣሁ፣ እትዬ።» ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

የተሳፈርኩበት መኪና በትራፊክ ሲጎተት ማጣሪያውን ወረቀት ላይ ጻፍኩና መስመር በመስመር አነበብኩት። በማጣሪያ ውስጥ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ነው። እኔ ደግሞ «የቀረውን ፍቀድ» የሚለውን የመጨረሻ መስመር አልጻፍኩም። ራውተሩ መንገድ ሁሉ ጠፍቶበታል ማለት ነው።

ስደርስ የወይዘሮ ጽጌ ልጅ ሩት ደረጃው ላይ ቆማለች። «ሀራካ፣ ፍጠን ብሮ! ዴድላይኑ ደረሰ፣ ማዘር ልታብድ ነው።»

«እኔ ነኝ የማብደው?» አሉ ወይዘሮ ጽጌ ከውስጥ። «ይልቅ የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ ስጪው!»

ኬብሌን ሰካሁ። የጎደለችውን መስመር ጨመርኩ፣ የጎረቤቱን ግንኙነት እንደገና አስጀመርኩ። መንገዶቹ መግባት ጀመሩ። እጄ ወደ ሴቭ ሄደ፤ መለስኩት። ካፌው ወርጄ ሩት አጠገብ ቆምኩ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን «ፎርሙ ሄደ!» ብላ ጮኸች። ወይዘሮ ጽጌ ግንባሬን ሳሙኝ። ያኔ ወጥቼ ሴቭ አደረግሁ።

ቢሮ ስመለስ ስንብቴን ጠብቄ ነበር። ዋንጂሩ ግን «ነገ ጠዋት ስህተትህን ለሁላችንም ሰሌዳ ላይ ታስረዳለህ» አለችኝ። ግማሽ ሰዓት አስረዳሁ። ስጨርስ «አዲስ የሚገቡትን ከእንግዲህ አንተ ነህ የምታሠለጥነው» ብላ የቅጥር ወረቀቴን ፈረመች። መምህርነቴ የጀመረው እዚያ ሰሌዳ ላይ ነው።

ለአዲስ ተማሪ መጀመሪያ የማስጽፈው ይህን ነው፦ ቅንብሩን ቀይር፣ ደንበኛው ዘንድ መሥራቱን አረጋግጥ፣ ሴቭ መጨረሻ ነው።