የቡሬው ጯሂ እና የአዲስ አበባው ዝምተኛ

እኔ መብረቅ እፈራለሁ። ውሻም እፈራለሁ፣ ገብቼበት ባላውቅም ሊፍትም እፈራለሁ፤ የመብረቁ ግን ይብሳል። ፍኖተ ሰላም ክረምት ሲገባ ሰማዩ ሲንጓጓ ነው የሚውል። እንዲህ ላለችው ሴት ነው እንግዲህ እግዜር ጣሪያ ላይ ሽቦ የምትዘረጋ ልጅ የሰጣት።

ልጄ የኤሌክትሪክ አስተማሪ ናት። ሠላሳ ዓመት አልፏታል፣ አላገባችም፣ አብረን ነው የምንኖር። ከሥራ ስትመለስ አማተር ሬዲዮ የሚሉትን ትከፍትና አይታቸው ከማታውቅ የሩቅ አገር ሰዎች ጋር ሰላም ትባባላለች። ፈቃዷንም አውጥታ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። "ምን አሉሽ?" ስላት፣ "እኛ ጋ ዘንቧል አሉኝ" ትለኛለች። ይቺን ለመስማት ነው ከጣሪያችን እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ሽቦ የተወጠረው።

እሷ ሥራ ላይ ሳለች ደመና በመጣ ቁጥር እየሮጥኩ የሽቦውን ጫፍ ከሬዲዮው የምነቅል እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት መብረቅ የጎረቤታችንን ባሕር ዛፍ ለሁለት ሲሰነጥቀው ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

"ወይ ሽቦው ይውረድ፣ ወይ ከነሽቦሽ ሌላ ቤት ፈልጊ!" አልኳት።

ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። እሷ አልተቆጣችም። "እስከ እሑድ ታገሺኝ እማ፣ መላ አለኝ" ብቻ አለችኝ።

በማግሥቱ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ በመስኮቷ በኩል ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት።

"ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ" ትላለች። "የቡሬው ትልቅ ነው፣ ጠንካራ ነው፤ ግን ይጮኻል። የአዲስ አበባው ዝምተኛ ነው፣ ደስ ይላል፤ አቅም ግን የለውም። ትንሽ ከተጫኑት ድርቅ ብሎ ይቀራል አሉ። እስከ እሑድ አንዱን መምረጥ አለብኝ፤ እማ ውጪልኝ ብላለች።"

አንሶላው ከእጄ ወደቀ። ልጄ ባል እየመረጠች ነው! ያውም እኔ አባርሬያት!

ስንት ዓመት ለሠርጓ ተስዬ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። መጀመሪያ ባዶ ቤት ቁጭ ብዬ ታየኝ። ቀጥሎ የቡሬው ሲጮኽባት ታየኝ። የአዲስ አበባው ድርቅ ብሎ ሲቀርባትም ታየኝ። ጅጋ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ።

"አያ፣ ልጅቱ ልትሄድብኝ ነው። አንደኛው የቡሬ ሰው ነው።"

"የማን ልጅ ነው?"

"እንጃ። ይጮኻል ነው ያለች።"

"አንቺ ሴት፣ ቡሬ ገበያ ቆሜ የሚጮኸው የትኛው ነው ልበል? እሑድ መጥቼ ራሴ አጣራዋለሁ።"

እኛ ዘንድ ተጋቢዎቹ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌላቸው ሳይቆጠር ሠርግ የለም። ወንድሜ ደግሞ ቆጠራው ነፍሱ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ መጣና ልጄን ፊት ለፊቱ አስቀመጣት።

"እስቲ ልጄ፣ አትፈሪ። ያ የቡሬው፣ ከየት ነው የሚወለድ?"

ልጄ ግራ ገብቷት አየችኝ። "ሰምታችኋላ! ከአይሱዙ ነው ጋሼ።"

"አይሱዙ አላቸው!" ብሎ ወንድሜ በክርኑ ጎሸመኝ።

"አይሱዙውማ ተገልብጦ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። የተረፈው እሱ ነው።"

"እግዚኦ! ብቻውን?" ወንድሜ ከንፈሩን መጠጠ።

"ደህና ነው ግን። ጋራዥ ተጥሎ አግኝቼ ገዛሁት።"

"ገዛሁት?"

"የ...የአዲስ አበባውስ?" አልኩ እንደምንም።

"እሱማ ኪሴ ውስጥ ነው" አለችና ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር አስቀመጠች። አንዱ የክብሪት ሣጥን የሚያክል ጥቁር፣ ሌላው የባቄላ ፍሬ የሚያክል።

"ሪሌ ናቸው" አለች።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አያቸው። "ለእነዚህ ነው ሰባት ቤት ልቆጥር ከጅጋ የመጣሁት?"

ነገሩ ሲገባት ልጄ ሆዷን ይዛ ወንበሩ ላይ ተጠቀለለች። እንባዋን ጠርጋ ነው ያስረዳችን። ሪሌ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መቀያየሪያ ነው። ሬዲዮዋን ስትከፍት ይነሳና የጣሪያውን ሽቦ ከሬዲዮው ያገናኛል። ስትዘጋው ወይ መብራት ሲሄድ ይለቅና ሽቦውን ከሬዲዮው ለይቶ፣ ደጅ መሬት ከተቀበረው ብረት ጋር ያያይዘዋል።

"አንቺ እንዳትሮጪ ብዬ ነው" አለችኝ።

"መብረቁ ቢመታውስ?"

"በቀጥታ ከመታውማ ይቺ አትመልሰውም፤ አልዋሽሽም። ሰማዩ ሲከብድ መንቀሉ አይቀርም። ይሄ ለረሳነው ቀን ነው።"

ከዚያ በሞተር ሳይክል ባትሪ ሞከረቻቸው። የአዲስ አበባው "ጢቅ" አለ፤ አለ ከተባለ። የቡሬው "ቋ!" ሲል ወንድሜ ከነጋቢው ዘለለ።

"ትንሹ ይሻለኛል፣ ስከፍትና ስዘጋ አይረብሸኝም" አለች።

"የቡሬው!" አልኳት። "አባትሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዝምተኛ ነበር። አለ ብዬ ሳወራ እውላለሁ፤ ሰውየው ለካ በግ ገበያ ነው። መግባት መውጣቱን ልስማው።"

ልጄ ባቄላይቱን በጣቷ አንከባለለቻት። "እሱስ፣ ይቺ ትንሿ እያወራሁ መብራት ሄዶ ብትቀይር የውስጥ መገናኛ ጥርሷ ሊጣበቅ ይችላል። ተጣብቆ ከቀረ ደግሞ ሽቦው ወደ መሬት አይመለስም። እሺ፣ የቡሬው ይሁን።"

"እና አትሄጂም?"

"የት?"

"ከዚህ ቤት።"

"ሄጄ ሽቦዬን ማን ይነቅልልኛል?" አለች። አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ፤ ወንድሜ "ሠርጉ ቀረ ማለት ነው?" እያለ ጠላውን ጠጣ።

አሁን ልጄ ሬዲዮዋን ይዛ ሳለች መብራት ሲሄድ፣ ደጅ ግድግዳው ላይ የተተከለው የቡሬው "ቋ!" ይላል። "ሰማሁህ" እለዋለሁ ካለሁበት። ጅጋ ላይ ነጎድጓድ ከተሰማ ወንድሜ ይደውላል።

"አማቻችን ገባ?"

"ጮኾ ነው የገባ።"

"ጎሽ!"

ስልኩን ዘግቼ፣ እንደው ለማንኛውም ብዬ፣ እሄድና ሽቦውን እነቅለዋለሁ።