የፍየሏ የላይኛው ጥርስ

ጥሩሐረግ አሥራተ ማርያም በሰቆጣ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ናት። ብሎግ የከፈተች ሰሞን ያገኘችው ምላሽ ከጠበቀችው በላይ ነበር። ስለ ሕዋስ የጻፈችው የመጀመሪያው ትምህርት በወጣ በማግስቱ ከሥሩ ብዙ አስተያየት አገኘች። አንዱ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይላል። ቀጣዩም «ቃለ ሕይወት ያሰማልን ቲቸር» ይላል። ሌላው «በዕድሜ በጸጋ ያቆይልን» ብሎ ጨምሮበታል። ምእመናን ስብከት ሲያልቅ ለሰባኪው የሚሉትን ነው ልጆቹ ለሕዋስ ግድግዳ ያሉት።

«ያልገባችሁን ጠይቁ» ብላ ጻፈችላቸው።

«አሜን» አሏት።

ነገሩ ያስቃል፤ እሷ ግን ለመሳቅ ጊዜ አልነበራትም። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቿ የዓመቱን መጨረሻ ፈተና በኮምፒውተር እንደሚወስዱ ተነግሯቸዋል። አብዛኞቹ ከዋግ ዝቋላና ከሌሎች ገጠሮች መጥተው፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ስልክ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ማውዝ የነካ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የኮምፒውተር ክፍሉ ከሰዓት በኋላ እንዲከፈትላት ርእሰ መምህሩን አቶ ይሄይስን ለመነች። እሳቸው ፈቀዱ፤ ግን መማሪያ ክፍል በጠበበበት ዓመት የተደረገ ፈቃድ ስለሆነ ገደብ አበጁለት።

«እስከ ጥምቀት አያለሁ» አሏት። «ልጆቹ ከሠሩበት ክፍሉ ያንቺ ነው። ካልሠሩበት ኮምፒውተሮቹን ጥግ አስይዤ ዘጠነኛ ክፍልን አስገባበታለሁ።»

«ይሠሩበታል፣ አቶ ይሄይስ።»

«አሜን ማለት ሥራ አይደለም» አሉ። ብሎጉን አይተውት ኖሯል።

ጥሩሐረግ የከተማ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ አሥራተ ማርያም የቅኔ መምህር ናቸው፤ እሷ ደግሞ ወልድያ ባዮሎጂ ተምራ ወደ ሰቆጣ ተመልሳለች። አዲስ ነገር ካገኘች ሳትሞክረው አታድርም። ትምህርቱን በድምፅ ቀድታ ልካለች፤ የጎረቤት አህያ መሐል ገብቶ ጮኸና ልጆቹ ከትምህርቱ ይልቅ እሱን ደጋግመው ሰሙት። በኢንተርኔት የሚሠራ ፈተናም አዘጋጅታለች፤ አንድ ስልክ ከበው አብረው ስለሚሠሩት ሁሉም እኩል ውጤት አመጡ። ከሁሉም ሥር የሚጻፈው ያው ምርቃት ነበር።

በኅዳር ወር ስለ እንስሳት ጥርስ የሚጻፍበት ተራ ደረሰ። ስለ ጥንቸል የተዘጋጀ ጥሩ ትምህርት ኢንተርኔት ላይ አግኝታ ተረጎመችው። ልጆቹ ጥንቸልን እምብዛም ስለማያዩ፣ የአገሩ እንስሳ ይሁን ብላ «ጥንቸል» ያለውን ሁሉ «ፍየል» አለችው። ዓርብ ዕለት «ፍየል ከላይና ከታች ባሉት ስለታም የፊት ጥርሶቿ ቅጠሉን ትቆርጣለች» የሚል ትምህርት ወጣ። በዚያው ቀን የገጠሮቹ ልጆች የሳምንት ስንቃቸውን ሊያመጡ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲከፈትላት በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ብሎጉን ከፈተች። የመጀመሪያውን አስተያየት የጻፈው ከጽጽቃ አካባቢ የመጣው ደሴ ነው፤ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ ብቻ ድምፁ የሚሰማ ልጅ።

«ቲቸር ይቅርታ፣ ፍየል ከላይ የፊት ጥርስ የላትም።»

ከሥሩ ሌሎች ተከትለዋል። «የኛም የላትም።» «የማንም የላትም!» «ቲቸር፣ ለመሆኑ ፍየል አይተሽ ታውቂያለሽ?» «አንቱ በላት እንጂ፣ ባለጌ!» በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ የተጻፈም ነበረ፤ እሱን ሲያነቡ ልጆቹ ሳቁ፤ ሊተረጉምላት የደፈረ ግን አልተገኘም። መስከረም የተባለችው ተማሪ ፎቶ ለጥፋለች፤ ሁለት የሽማግሌ አውራ ጣቶች የፍየል አፍ ፈልቅቀው ይዘዋል፤ ከላይ ድድ ብቻ ይታያል። «የያዟት አያቴ ናቸው» ይላል ጽሑፉ። «ገበያ ላይ ዕድሜዋ የሚታወቀው በታች ጥርሷ ነው፤ የላይ ጥርስ ያላት ፍየል ካለች ይዛችሁልኝ ኑ ብለዋል። ሰላምታም ልከዋል።»

ጥሩሐረግ ፊቷ ጋለ። የምታውቀውን ነገር ነው የሳተችው፤ ዩኒቨርሲቲም ተምራዋለች። ጽሑፉን ልታጠፋው ማውዙን ያዘች።

«ቲቸር፣ እንዳያጠፉት!» አለች መስከረም ከኋላዋ። «እማዋይሽ ገና አልጻፈችም።»

ዘወር ብላ አየች። ስልክ የሌላቸው ልጆች ኮምፒውተሮቹን ይዘዋል። አንዱ በአንድ ጣቱ ፊደል ይለቅማል፤ ጓደኛው «"ድ" እዚህ ጋ ናት፣ አልታየህም?» እያለ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ሁሉም የራሱን ፍየል ሊመሰክር ቸኩሏል። ማውዙን ለቀቀችው።

ማታ ለአባቷ ነገረቻቸው። መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እስቲ ንገሩኝ አባባ፣ ጠይቁ ስላቸው ዝም ብለው ስሳሳት ለምን ይጮኻሉ?»

«የኔዎቹስ "አልገባኝም" ብለውኝ ያውቃሉ?» አሉ። «ያፍራሉ። ቅኔዬ ላይ እንከን ያገኙ ዕለት ግን ራትም አይበሉ። አንቺው ልጅ ሆነሽ "እነዚህ ሰዎች አባባን ሊመቱት ነው" ብለሽ አልቅሰሽ የለም እንዴ?»

ትዝ አላት። መንገድ ላይ አንገታቸውን ደፍተው የሚሄዱት የቅኔ ተማሪዎች፣ አባቷ ቅኔ በተቀኙ ቁጥር ተነሥተው እጃቸውን እያወናጨፉ ይከራከሯቸው ነበር። አባቷም ያን ጊዜ ደስ ይላቸው ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ለተማሪዎቿ በቃል ነገረቻቸው፤ ከእንግዲህ በየትምህርቱ ውስጥ አንድ ስሕተት ይኖራል፤ ፈልጋችሁ አርሙ፣ ማስረጃችሁንም ጻፉ። ብሎጉ ላይ ግን ምንም አላለችም። ከዚያ በኋላ መማሪያ መጽሐፍ ይዞ የማይመጣ ልጅ ጠፋ። ትክክለኛውን ዐረፍተ ነገር የሚያርም ነበረ፤ አራሚውን የሚያርምም ነበረ። ምርቃቱ ቆመ።

ጥምቀት ሲቃረብ የንቦች ተራ ሆነ። አቶ ይሄይስ የታተመ ወረቀት ይዘው ክፍሉ ውስጥ ገቡ። አንዱ መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«"ሠራተኛ ንቦች ወንዶች ናቸው" ይላል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጥሩሐረግ፣ ደጃፉ ላይ ቀፎ ያለው ወላጅ ይህን ቢያነብ ምን ይለናል? እኔ የንብ አናቢ ልጅ ነኝ፣ አፈርኩ! በዚህ ዓይነትማ ክፍሉን ብዘጋው ይሻላል።»

«አቶ ይሄይስ፣ ዘገዩ።»

«ምን አልሽ?»

«መስከረም ቀድማዎታለች። ይቀመጡና ይዩት።»

ተቀመጡ። መስከረም እንዲህ ጽፋለች፤ «ሠራተኞቹ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹማ ድንጉላ ነው የሚባሉት፤ እንደኛ ሰፈር ወንዶች ጠላ ቤት ሲውሉ ነው የሚከርሙት።» አቶ ይሄይስ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ጥሩሐረግ ስለ ስሕተቶቹ ነገረቻቸው።

«መምህር ሆን ብሎ ይሳሳታል?» አሉ። ዓይናቸው ግን ወደ ታች መውረዱን አላቆመም። ድንገት ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ቆመ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ደሴ "ድንጉላ ቀፎውን ይጠብቃል" ይላል! በምኑ ነው የሚጠብቀው? መንደፊያ እንኳ የለው!»

«ይጻፉለታ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። መስከረም ፊደሎቹን እያሳየቻቸው፣ ስለ ድንጉላ አንድ ረጅም አንቀጽ ጻፉ፤ በመጨረሻም ሙሉ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው አኖሩበት።

በማግስቱ ፈገግ ብለው መጡ። «አየሽ፣ ገባቸው» አሉ። ከጽሑፋቸው ሥር የምርቃቱ ሰልፍ ተመልሷል፤ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን አቶ ይሄይስ»፣ «በዕድሜ በጸጋ ያቆይልን»። ደሴም «አሜን» ብሏል።

«አልገባቸውም» አለች ጥሩሐረግ። «አፍረውዎት ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይሳሳቱላቸው።»

አቶ ይሄይስ የክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ዘጠነኛ ክፍልን ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ» ብለው ወጡ።

ከጥምቀት በኋላ በወጣው ስለ አጥቢ እንስሳት በሚናገረው ትምህርት ሥር «የሌሊት ወፍ እንቁላሏን በዋሻ ውስጥ ትጥላለች» የሚል አስተያየት ከነሙሉ ስማቸው ተገኘ። ደሴ ወዲያው ጻፈ፤ «አቶ ይሄይስ ይቅርታ፣ የሌሊት ወፍ ትወልዳለች፣ ታጠባለችም እንጂ እንቁላል አትጥልም።» ከሥሩም ክርክሩ ደመቀ።

ጥሩሐረግ ግቢ ውስጥ ስታገኛቸው፣ «ሆን ብለው ነው አይደል?» አለቻቸው።

«እንዴታ!» አሉ፤ ፊቷን ሳያዩም ወደ ቢሯቸው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።