አቶ ገሠሠ መሐል ሜዳ ሲገቡ

አቶ ገሠሠ መሐል ሜዳ ከተማ የገቡት ወደው አይደለም። ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው። ከጓሳ ጥግ ባለች የገብስ አገር ተወልደው፣ እዚያው አርሰው፣ እዚያው ሸምነው፣ እዚያው ሸበቱ። ከቀያቸው ያስነሳቸው የሚስታቸው የወይዘሮ ጥሩሸዋ ሕመም ነው። ስኳር አለብዎት ተባሉና በየቀኑ መርፌ፣ በየወሩ ምርመራ ታዘዘላቸው።

መጀመሪያ ሰሞን አቶ ገሠሠ ሚስታቸውን ፈረስ ላይ አስቀምጠው፣ እሳቸው ልጓሙን ይዘው በእግራቸው እያዘገሙ ሆስፒታል ያመላልሷቸው ነበር። ሐምሌ ሲገባ ወንዙ ሞላ። አንድ ጊዜ ከወንዙ ዳር ተመለሱ፤ ደግመው ሞከሩ፣ ደግመው ተመለሱ። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የምትሠራው ልጃቸው መሲ ይህን ስትሰማ ደወለች።

«አባዬ፣ እማዬን መንገድ ላይ ልትቀብራት ነው ሐሳብህ?»

አቶ ገሠሠ ታላቅ ወንድማቸው በቃሬዛ ተይዞ የመኪና መንገድ ሳይደርስ ያረፈበትን ዳገት ያውቁታል፤ ከቃሬዛው ሸክም አንዱን ጫፍ የያዙት እሳቸው ነበሩ። በዚያው ሳምንት መሬቱን ለታናሽ ወንድማቸው ለአፈወርቅ በእኩል እንዲያርስ ሰጡ፤ በጎቹንም ለርቢ ተዉለት። የሽመና ዕቃቸውን ፈታትተው አሰሩና መሐል ሜዳ ከወይዘሮ ጌታነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ። በክፍሏ ውስጥ ለሸማኔ እግር ማስገቢያ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታ ስለሌለ ዕቃው እንደታሰረ ከጓሮ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

ከተማው ያስቸገራቸው ከሁሉ በፊት በሰላምታ ነው። በአገራቸው ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ቂም እንደመያዝ ይቆጠራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያገኙትን ሁሉ ቆም እያሉ «እንዴት አደራችሁ? ደኅና አደራችሁ ወይ? ቤተሰቡ ደኅና ነው?» ይሉ ጀመር። አንዱ ለሌላ ሰው መስሎት ዞር ብሎ ወደ ኋላው አየ። የመድኃኒት ቤቷ ሴት «ምን ፈልገው ነው አባት?» አለቻቸው። ከዋናው መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግነው ወልደ ጻድቅ ደግሞ ቀና እንኳ ሳይል፣ «እግዜር ይስጥዎት አባባ» አላቸው።

አቶ ገሠሠ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ቤት ገቡ።

«ለማኝ መሰልኩት!» አሉ። «እኔን! ጋቢዬን እንኳ አላየም!»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ ያ የመጀመሪያቸው ነው። አቶ ገሠሠ ተናደዱ እንጂ ልማዳቸውን አልተዉም፤ በማግሥቱም፣ ከዚያም ወዲያ፣ በየጠዋቱ ያንኑ ሰላምታ እያደረሱ ያልፉ ነበር። የሚመልስም ነበር፣ የማይመልስም።

ወይዘሮ ጥሩሸዋን ግን ከተማው ተስማማቸው። ግቢ ውስጥ ቧንቧ አለ፣ ሲመሽ መብራት አለ፣ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። «ገብሱ ከምጣድ ወርዶ ሳይበርድ ደርሼ ተመለስኩ» ይላሉ ከምርመራ ሲመጡ። መርፌውን ራሳቸው መውጋት ተማሩ። ወይዘሮ ጌታነሽ ዘንድ ገብተው ቴሌቪዥን ያያሉ፤ ያዩትንም መጥተው ለባላቸው ይተርካሉ።

በግቢው ሌሎች ሁለት ተከራዮች አሉ። አንደኛዋ ግብርና ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ሳሌም የምትባል የመርሐቤቴ ልጅ ናት፤ ሌላው ከቀየት የመጣ፣ ባጃጅ የሚነዳ፣ ምንተስኖት የሚባል ልጅ ነው። ሁሉም ጠዋት ወጥተው ማታ ስለሚገቡ ፊት ለፊት የሚተያዩት ውሃ ሲመጣ ብቻ ነው። ውሃ በተራ ስለሚለቀቅ የመጣ ቀን ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ይወጣል። ወሬውም የሚነሳው ያን ጊዜ ነው።

«አባባ፣ ከተማ ለመዱ?» አለቻቸው ሳሌም አንድ ቀን።

«ምኑን እለምደዋለሁ ልጄ። ሰዉ እንደ አሸን ነው፤ ጎረቤት ግን የለም። አንቺንና እኔን የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ስታስዪ እሰማሻለሁ። ስምሽን ያወቅሁት ግን ገና ትናንት ነው።»

ሳሌም ሳቀች። «እኔ ደግሞ የወደድኩት እሱን ነው። እኛ አገር አንዲት ሴት ብቻዋን ቤት ይዛ ብትኖር አገር ይመክርባታል። እዚህ የት ወጣሽ፣ የት ገባሽ የሚለኝ የለም። ከሥራ እገባለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ፣ በቃ።»

«እስክትታመሚ ነዋ!» አለ ምንተስኖት ጀሪካኑን እያጋደለ። «እኔን ታይፎይድ ይዞኝ ስተኛ መጥቶ የጠየቀኝ የባጃጁ ባለቤት ብቻ ነው። እሱም የጠየቀኝ ስለ ባጃጁ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትመለስም?» አሉ አቶ ገሠሠ።

«ወዴት ልመለስ አባባ? መሬቱ ለአባቴም አልበቃ፤ እኛ ደግሞ ብዙ ወንድማማች ነን። እዚህ ቢያንስ ማታ ማታ እማራለሁ። ነገ ሌላ ሰው እሆናለሁ ብዬ ማሰብ እችላለሁ።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ባላቸው ሞቶ፣ ክፍል አከራይተው፣ ጠላ ሸጠው ልጅ ያስተማሩ ሴት ናቸው።

«ከተማ ወፍጮ ነው» አሉ። «እህል ይዞ ለመጣ ይፈጫል። ባዶውን የመጣ እንደሆነ ድንጋይ ለድንጋይ መፋጨት ነው። እኔ አልቀየመውም፣ ልጆቼን አስተምሮልኛል። ግን ተከራይ ሲሆኑ ከባድ ነው። የሰፈሩ ዕድር እንኳ ተከራይ አያስገባም፤ ነገ ሂያጅ ነው ይላሉ።»

«ነገ የሚሄድ ሰው ዛሬ አይሞትም?» አሉ አቶ ገሠሠ።

ጀሪካኖቹ ሞሉ፤ ሁሉም ወደየበሩ ገባ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ሞላቸው። ዳግመኛ ክረምት ሲገባ አቶ ገሠሠ የልባቸውን አወጡ። «መስከረም ሲጠባ አገራችን እንግባ» አሏቸው ለሚስታቸው። «እጄ ሥራ ፈታ። እዚህ ማንም አያውቀኝም። ሽማግሌ ተብዬ ተጣልተው የመጡ ሰዎች ከደጄ ሲቀመጡ ነው የኖርኩት፤ አሁን ከደጄ የሚቀመጥ ድመት ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ «አንተ ግባ፤ እኔ እዚህ ነኝ» አሉ።

«ምን አልሽ?»

«አገራችን አንተን ያከብርሃል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ደመና ባየሁ ቁጥር ወንዙ ይታወሰኛል፤ መድኃኒቴ ባለቀ ቁጥር ዳገቱ ይታወሰኛል። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል ገሠሠ። የሚወስደኝን እንቅልፍ አትቀማኝ።»

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ከሚስታቸው አፍ ወጥቶ አያውቅም። አቶ ገሠሠ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት ነገር በልባቸው ይዘው፣ «ብላ»፣ «በላሁ» ብቻ እየተባባሉ ፍልሰታ ገባ።

የወይዘሮ ጥሩሸዋ የንስሐ አባት፣ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ምግብ እንዳይቆርጥ አስጠንቅቀዋቸዋል። ባለፈው ዓመት እሺ ብለው በልተው ነበር። ዘንድሮ ግን ጤንነት ተሰማቸው፤ «እመቤታችንን በምን ዓይኔ አያታለሁ» ብለው ሊጾሙ በልባቸው ቆረጡ። ለባላቸውም አልነገሯቸው፤ እንደተኳረፉ ናቸውና። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መርፌያቸውን ወግተው፣ እህል ሳይቀምሱ ወጥተው፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆመው አስቀደሱ።

ሲመለሱ ጉም ከተማውን ሸፍኖታል። አቶ ገሠሠ ከውስጥ ሆነው በሩ ሲንኳኳ ሰሙ፤ ቢከፍቱት ሚስታቸው ከመቃኑ ስር ቁጭ ብለዋል። በዚያ ብርድ ላብ አጥምቋቸዋል። ቀና ብለው ባላቸውን አዩና በሞተው የባላቸው ወንድም ስም ጠሯቸው።

አቶ ገሠሠ ከተማ መሆናቸውን ረሱ። በአገራቸው እንደሚደረገው ከግቢው መሐል ቆመው፣

«የሰው ያለህ! ኧረ የሰው ያለህ!» ብለው ጮኹ።

በሮች ተከፈቱ። ሳሌም በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች። እናቷ ይኸው ሕመም አለባቸውና ላቡን ስታይ ገባት።

«መርፌ ወስደዋል? በልተዋል?»

«መርፌውን ወስዳለች። የበላች መስሎኝ ነበር…»

«ስኳር ወርዶባቸው ነው! ይያዙልኝ፣ ቀና ያድርጓቸው!» አለችና ስኳር በውሃ በጥብጣ መጣች። መዋጥ እንደሚችሉ አይታ በማንኪያ ጥቂት ጥቂት አጠጣቻቸው። ምንተስኖት ባጃጁን እስከ በሩ አስጠጋ። ወይዘሮ ጌታነሽ በብርድ ልብስ ጠቀለሏቸው።

ዋናው መንገድ ሳይደርሱ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። አቶ ገሠሠ ወርደው መግፋት ጀመሩ፤ አንድ እግር ጫማቸውን ጭቃው ነጠቃቸው። ምንተስኖት ጡሩምባውን ሲያስጮህ ወልደ ጻድቅ ከጎማዎቹ መካከል ብድግ አለ። «ኧረ እኚህ የኛ አባባ ናቸው!» ብሎ በአካባቢው ያለውን ሰው ጠራ። የመጣው ሁሉ ባጃጁን ከነተሳፋሪው አንሥቶ ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጠው። አገራቸው ቢሆን ፈረሱን ጭነው በማይጨርሱበት ጊዜ ውስጥ ሆስፒታል ደረሱ።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ግሉኮስ ተሰጣቸው። ነፍሳቸው መለስ ሲል ባላቸውን በስማቸው ጠሩ፤ ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«አፈርኩ» አሉ።

«እኔም አፍሬያለሁ» አሉ አቶ ገሠሠ። «ከአንድ ማዕድ እየቀረብኩ መጾምሽን አላወቅሁም። ከእንግዲህ ስንጣላም እያወራን እንጣላ።»

ከሰዓታት በኋላ ጠያቂው መጣ። ወይዘሮ ጌታነሽ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው መጡ። የመድኃኒት ቤቷ ሴት መጣች፤ ስሟን እንኳ አያውቁትም። ወልደ ጻድቅ መጣ፤ ጭቃ የበላውን ጫማ አጥቦ በፌስታል ይዞታል።

«አባባ» አላቸው ጎንበስ ብሎ፣ «እንዴት አደርክ ሲሉኝ ሰላምታ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ከዚያ ወዲያማ እርስዎ ሳያልፉ ሥራ አልጀምርም። አፌ ነው እንጂ ሰነፉ፣ ልቤስ ይመልስ ነበር።»

አቶ ገሠሠ ጫማውን ተቀብለው አጠለቁት። ገና አልደረቀም ነበር።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ድነው ሲገቡ አቶ ገሠሠ ስለ መመለስ አላነሱም። ይልቅ ወይዘሮ ጌታነሽ ዘንድ ሄደው፣ «ከጓሮ ትንሽ ጉድጓድ ልቆፍር ይፈቅዱልኛል?» አሏቸው።

«ምን? ጉድጓድ? ከቤቴ ሥር?»

«እግሬን የማስገባባት ናት። ሥራ የፈታ ሰው ግቢዎ ውስጥ ከሚዞር፣ ባና የሚሠራ ሰው ቢቀመጥ አይሻልዎትም?»

ወይዘሮ ጌታነሽ ሳቁና ፈቀዱ። ምንተስኖት ቆፈረ፤ ወልደ ጻድቅ አሮጌ ቆርቆሮ አምጥቶ ጣሪያ አለበሰው። አፈወርቅ ለገበያ ሲመጣ የበግ ጠጉር እየጫነ ያደርስላቸዋል፤ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ይፈትላሉ፣ አቶ ገሠሠ ይሸምናሉ። ከሥራ የገባው ሁሉ ከሸማኔው ዙሪያ ድንጋይ ስቦ መቀመጥ ለመደ። አንድ እሑድ ወልደ ጻድቅ የአጎራባች ግቢ ተከራዮችን ይዞ መጣና የተከራዮች ዕድር አቋቋሙ። አቶ ገሠሠ ዳኛ ተደረጉ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። ውሃው እንደልማዱ ይጠፋል። ከመጠጥ ቤቱ የሚወጣው ሙዚቃ የአቶ ገሠሠን ራስ ያዞራል። ሳሌም ደግሞ ከሥራ አምሽታ በገባች ቁጥር ሦስት ሰው «ምነው ቆየሽ?» ይላታል።

«ይኸው፣ መርሐቤቴ ተመለስኩ!» ትላለች በሯን እየከፈተች። ግን እንደ ድሮው አትዘጋውም፤ ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች።

ለመስቀል አቶ ገሠሠ ብቻቸውን አገራቸው ሄዱ። ደመራው ከተለኮሰ በኋላ ሰዎች ከበቧቸው። ከተማ እንዴት ነው? ደላህ ወይስ ከፋህ?

«ክፉም ነው፣ ደግም ነው» አሉ አቶ ገሠሠ። «እዚህ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ስሜን የማያውቅ የለም፤ እዚያ ስሜን ሳስተዋውቅ ዓመት ፈጀብኝ። ግን ሚስቴ በሕይወት አለች። ይህን ከምን ጋር ላመዛዝነው?»

ሰዎቹ ሲበተኑ አፈወርቅ ወደ ጎን ሳባቸው። ልጁ ሲና ስምንተኛ ክፍልን አልፋለች፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው መሐል ሜዳ ነው። አንዲት ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ እንድትኖር ልቡ አልፈቀደለትም።

«ላስቀራት ይሆን ብዬ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ክፍላችሁም አንድ ነው።»

አቶ ገሠሠ ስልካቸውን አወጡና ኔትወርክ ፍለጋ ከጉብታው ላይ ወጡ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው አላስጨረሷቸውም።

«ይህን ለመጠየቅ ነው የደወልከው?» አሉ። «ሲና ስምንተኛን እንዳለፈች የነገርኳት ሳሌም፣ ብቻዬን ከምሆን ልጅቷ ከእኔ ጋር ትደር ካለች ቆይታለች። ልጅቷን ነገ ይዘሃት ና። ትምህርት ተጀምሯል።»

አቶ ገሠሠ ከጉብታው ሆነው ቁልቁል ወደ አፈወርቅ በእጃቸው የእሺታ ምልክት ሰጡት። አፈወርቅ ሲና ወደነበረችበት ቤት መሮጥ ጀመረ።