መነጽሩ ያላሳየኝ ማሽላ

ገንዳ ውሃ ከተማ የአምቡላንስ ሾፌር ሆኜ ሥራ የጀመርሁ ቀን አለቃዬ ቁልፍ አልሰጡኝም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ አሳዩኝና «በል፣ ዓይንህን ጨፍነህ ኮኪት ከተማ በየት በኩል እንደሆነች ጠቁም» አሉኝ። ጠቆምሁ። «ወደ ጎንደር ነው የጠቆምኸው። በሽተኛህ ሞተ» አሉኝ። ሳምንት ሙሉ ካርታው ሥር አስቀመጡኝ፤ እኔም በሆዴ ስረግማቸው ሰነበትሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዓይን ላይ የሚደረግ የሥልጠና መነጽር መጣልን። ስታጠልቀው መንገዱ ውስጥ ነህ፤ አንገትህን ብታዞር ጎንህ ያለውን ዛፍና ጎጆ ታያለህ። የአዲሶቹን እርሻዎች መንገድ ወንበር ላይ ተቀምጬ አሥር ጊዜ ነዳሁት። ከዚያ ወዲያ ካርታ ማን ያያል! ነርሷ ሲስተር ዝናሽ የመነጽሩ ተራ ስላልደረሳት ካርታውን ስታጠና «የአያቶችሽን ነገር ተይው እንጂ!» እያልሁ እቀልድባት ነበር።

ነሐሴ ላይ የአንድ እርሻ ወኪል ደወለ። ለአረም የመጣ፣ እኛ ሳሉግ የምንለው የወቅት ሠራተኛ፣ ጌትነት የሚባል የጎጃም ልጅ፣ እባብ ነድፎታል።

«መንገዱን ያውቁታል፣ ጋሼ?» አለችኝ ዝናሽ።

«እንደ መዳፌ!»

የመነጽሩ ፊልም የተነሳው ግን በመጋቢት፣ አገሩ ራቁቱን ሳለ ነበር። አሁን ማሽላው ከመኪናው ጣሪያ በላይ ሆኗል። ለምልክት የያዝሁት ወፍራም ዛፍ የለም፣ ጎጆው የለም። ሰማዩ ዳምኗል፤ ስልኩም ኔትወርክ የለው። ታጠፍሁ፣ ተመለስሁ፣ እንደገና ታጠፍሁ። የራሴን የጎማ ዱካ ጭቃው ላይ አገኘሁት። ወይ ጉዴ! ሰውየው መርዙ ወደ ላይ እየወጣበት ነው፣ እኔ እዞራለሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ያቁሙ» አለች ዝናሽ። ወርዳ ቦዩ ውስጥ የሚሄደውን የዝናብ ውሃ አየች። ዓይኗን ጨፈነችና በቀኝ በኩል ጠቆመች። «ውሃው ወደዚህ ነው የሚወርደው፤ ወንዙ በዚህ በኩል ነው ማለት ነው። ካርታው ላይ የእርሻው ሠራተኞች ካምፕ ወንዙ ዳር ነው።»

እውነቷን ነበር። ጌትነት ዳስ ሥር ተኝቷል፤ እግሩ እስከ ጭኑ አብጧል። ቃሬዛው ላይ ሳወጣው እጄን ያዘኝ።

«መኪናዋን ሦስት ጊዜ ሰማኋት፣ ጋሼ» አለኝ። «ትቀርብና ትርቃለች። በሦስተኛው እናቴን ተሰናበትኋት።»

ነፍሱ ተረፈች። እግሩን ግን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ዘገየህ ብሎ የወቀሰኝ የለም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የመኪና ድምፅ ሲርቅ ስሰማ እስካሁን ልቤ ድንግጥ ይላል። መነጽሩ ክፉ አይደለም፣ መንገድ ያለማምዳል። መንገዱ ሲጠፋ የት እንዳለሁ ሊያሳውቀኝ ይችል የነበረው ግን ካርታው ነበር፤ የአዲሶቹን እርሻዎች እሱ ላይ አላጠናሁም። እናንተ አዲስ ሾፌሮች፣ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጠቁሙ።